በመሐለኛው መስመር ላይ

ባሮክ ጌታሁን በሥራ ቀን ጥርሱን የሚቦርሸው መኪናው ውስጥ ነበር። በ2074 ዓ.ም. በለቡ ሰፈር ይህ ማንንም አያስገርምም። ደረጃው ስምንት የሆነ ሰው ከሰፈር መንገድ ወጥቶ ዋናው ጎዳና ላይ እስኪቀላቀል ድረስ ቁርሱን በልቶ፣ ጥርሱን ቦርሾ፣ ትንሽም አሸልቦ ይነቃል። ሁልጊዜ ከባሮክ ፊት የሚቆመው ጎረቤት ዳዊቱን እዚያው ይደግማል። ከኋላው የምትቆመው እናት የልጇን ፀጉር ትሠራለች፤ ልጅቷ ከቤት የምትወጣው ፀጉሯ እንደተበተነ ነው፤ ጎዳናው ላይ ሲገቡ ሹሩባዋ አልቆ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ማንም አያይም። ዋናው ጎዳና ላይ ሲገቡ የመኪኖቹ መስታወት ሁሉ ይጠቁራል፤ ከውስጥ ውጭው ይታያል፣ ከውጭ ግን ውስጡ አይታይም። አሽከርካሪዎች ፊት ለፊት ሲተያዩ ይጣሉ ስለነበር ነው ይባላል።

የባሮክ መኪና ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት የሴት ድምፅ ትናገራለች።

«እንደምን አደሩ አቶ ባሮክ። የዛሬ ደረጃዎ ስምንት ነው። መልካም ትዕግሥት።»

ደረጃን የሚሰጠው የቅድሚያ ማዕከል ነው። ከሥራ፣ ከዕድሜ፣ ከጸባይና ማዕከሉ ብቻ ከሚያውቃቸው ሌሎች ነገሮች ተሰልቶ በየማለዳው ይነገራል። ባሮክ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ሊፍት ውስጥ ሰው ተቀርቅሮ ሲጠራ ደረጃው ወደ አራት ከፍ ይላል፤ መንገዱም ይከፈትለታል። የተቀረቀረው ሰው እንደወጣ ወደ ስምንቱ ይመለሳል፤ ቤቱ የሚደርሰው ሲመሽ ነው። በዚህ ተማርሮ አያውቅም። የሚያውቃቸው ሰዎችም እምብዛም አይማረሩም። ድሮ በየመስቀለኛው መንገድ ሰው ይሞት እንደነበር ሁሉም ሰምቷል፤ አሁን ማንም አይሞትም። ለዚህ ሲባል የሚጠየቀው ነገር ተራን መጠበቅና በፈቃድ አለመልቀቅ ብቻ ነው።

በፈቃድ መልቀቅ ማለት ደረጃው ከፍ ያለ ሰው ከእሱ ዝቅ ያለውን «እለፍ» ማለቱ ነው። ጥፋት ነው። ደረጃ ያስቀንሳል። ባሮክ በሕይወቱ ሲለቅ ያየው ሰው የለም፤ እሱም ለቆ አያውቅም። ስምንተኛ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ለማን ይለቃል?

ከባሮክ ጋር የምትኖረው ታላቅ እህቱ ሶሊያና ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጡት ያልተወ ልጅ ነበር፤ ሶሊያና አሳደገችው። የሂሳብ መምህርት ነበረች፤ አሁን ጡረታ ላይ ናት። እሱ «እትሶሊ» ይላታል፤ ሰፈሩ «እማማ ሶሊያና» ይላታል። ባሮክ አርባ አራት ዓመት ሞልቶትም ከቤት ሲወጣ ኮሌታውን የምታስተካክለው እሷ ናት። ባል አላገባችም። ለምን እንደሆነ ጠይቋት አያውቅም፤ መልሱ እሱ ራሱ እንዳይሆን ይፈራል።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ባሮክ ዕረፍት ወጥቶ ቤት ሳለ፣ ሶሊያና የሻይ ብርጭቆ አነሳች። ብርጭቆው ከእጇ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተሰበረ። እሷ ስብርባሪውን አላየችም፤ የምታየው እጇን ነበር።

«እጄን ማን ወሰደው?» አለች።

ባሮክ መጀመሪያ የቀለደች መሰለው። ቀና ስትል የቀኝ ጉንጯ ወደ ታች ወርዶ፣ አፏ ወደ አንድ ጎን ሄዶ አየ። ወንበሯን ይዞ ለአምቡላንስ ደወለ።

«ታማሚዋ ትናገራለች?» አለው ድምፁ።

«ትናገራለች፤ ግን አፏ ተጣሟል፣ እጇ አይሠራም። እባካችሁ ቶሎ በሉ።»

«የምትናገር ታማሚ በተራ ትስተናገዳለች። ተራዎ ተይዟል። እናመሰግናለን።»

ባሮክ ተራውን አልጠበቀም። እህቱን ታቅፎ ወደ መኪናው ወሰዳት። ድሮ እሷ ስታዝለው ምን ያህል እንደሚከብዳት ትነግረው ነበር፤ እሷ ግን በክንዱ ላይ ምንም አልከበደችውም፤ ይህ ይበልጥ አስፈራው። ቀበቶውን አሠረላት።

«ሆስፒታል» አለ። «የሕመም ደረጃ እፈልጋለሁ።»

«የሕመም ደረጃ የሚሰጠው በሐኪም ማረጋገጫ ነው» አለች መኪናዋ። «ማረጋገጫ ለማግኘት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።»

«ወደ ሆስፒታል እኮ ነው የምሄደው!»

«መልካም። የዛሬ ደረጃዎ ስምንት ነው።»

ረፋድ ስለነበር መቀላቀያው ላይ ወረፋ አልነበረም። ከለቡ ወደ ሳሪስ የሚወስደው ሰፊ ጎዳና ግን እንደ ሁልጊዜው ሞልቷል። መኪኖቹ በእኩል ፍጥነት፣ በእኩል ርቀት፣ ጥቁር መስታወታቸውን ይዘው ያልፋሉ። ባሮክ ጠበቀ። እትሶሊ ራሷን ወደ መስኮቱ ጥላ አንድ ነገር ታጉረመርም ነበር። ጠጋ ብሎ ሲሰማ የማባዛት ሠንጠረዥ ነው። ሰባትን እያባዛች ነበር፤ ሰባት ጊዜ ስድስት ላይ ስትደርስ ትጠፋባትና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። አእምሮዋን እንዳታጣው ይዛው እየተሟገተች እንደሆነ ገባው። የሚያለቅስበት ጊዜ አልነበረም።

በመጨረሻ ክፍተት ተገኘና ገቡ። መስታወቱ ጠቆረ።

ሆስፒታሉ በስተግራ ነው። ወደ ግራ የሚታጠፍ ሁሉ በጎዳናው መሐል ባለው የጋራ መስመር ይገባል፤ ከወዲህ የሚመጣውም፣ ከወዲያ የሚመጣውም። መስመሩ አንድ ስለሆነ ሁለት መኪኖች አፍንጫ ለአፍንጫ ይገናኙበታል። ለዚህም ደንብ አለ። ደረጃው ከፍ ያለው ይቆያል፤ ዝቅ ያለው ክፍተት እስኪያገኝ ጠብቆ፣ ወደ መጣበት መስመር ተመልሶ፣ ቀጥሎ ያለውን መታጠፊያ ይፈልጋል። ቀጥሎ ያለው መታጠፊያ ሩቅ ነው።

የባሮክ መኪና መሐለኛው መስመር ውስጥ ገብታ ጥቂት እንደሄደች ቆመች። ከፊቷ ነጭ መኪና ቆማለች። የሆስፒታሉ በር ከነጯ መኪና ጎን ይታያል፤ ዘበኛው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ሲያነብ ሁሉ ይታያል።

«ከፊትዎ ደረጃ ሁለት ተሽከርካሪ አለ» አለች መኪናዋ። «ወደ ኋላ እንመለሳለን። ክፍተት እየፈለግሁ ነው። መልካም ትዕግሥት።»

«አይሆንም!» አለ ባሮክ። «በሩ ይኸውና!»

«ክፍተት እየፈለግሁ ነው።»

እትሶሊ ማባዛቷን አቁማ ነበር። ባሮክ ዞሮ አያት። ዓይኗ ተከፍቷል፤ ግን እሱን አያይም።

መስታወቱን የሚያጠራ ቁልፍ በታጠፈው መሪ ሥር አለ። ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ማንም አይነካውም። ባሮክ ተጫነው። የፊት መስታወቱ እንደ ውሃ ጠራና የጎዳናው ብርሃን ፊታቸው ላይ ፈሰሰ። ከፊት ያለችው መኪና ውስጥ ማን እንዳለ አያይም፤ የሚያየው የራሱን መኪና ነጸብራቅ ብቻ ነው። እሱ ግን ይታያል። ምን እንደሚያደርግ አላወቀም። ወደ እህቱ አመለከተ። ከዚያ የዘነጋውን ነገር እንዳስታወሰ ሰው ሁለት እጆቹን ገጥሞ ለጥቁር መስታወት ለመነ።

ነጯ መኪና አልተነቃነቀችም። ባሮክ በኋላ ሲናገር፣ ያን ጊዜ ያህል ብቻውን ሆኖ እንደማያውቅ ይናገራል።

ከዚያ የነጯ መኪና መስታወት ጠራ።

ውስጥ ያለችው ወጣት ሴት ነበረች። ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስይዛለች፤ ለትልቅ ቀን እንደለበሰ ሰው ናት። ባሮክን አየችው። ከዚያ እትሶሊን አየች፤ እሷ ላይ ቆየች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ታየ፤ ለመኪናዋ አንድ ነገር ተናገረች። መኪናዋ የመለሰችላት ነገር አላስደሰታትም። ደግማ ተናገረች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የታጠፈውን መሪ ጎትታ አወጣች።

ባሮክ በሰው እጅ መሪ ሲያዝ ያየው መንጃ ፈቃድ ባወጣበት ቀን ነበር። እሷም ከዚያን ቀን ወዲህ እንዳልነካችው ያስታውቃል። መኪናዋ ወደ ኋላ ስትሄድ ተንገዳገደች። የኋላዋ ወደ ራሷ መስመሮች ዞረ፤ ትንሽ ሄደች፣ ቆመች፣ ደግሞ ሄደች፤ በመጨረሻም ሁለቱን መስመሮች አግድም ዘግታ ቆመች። ከኋላዋ የሚመጡት መኪኖች አንድ በአንድ ቆሙ። ወረፋው ወደ ሳሪስ አቅጣጫ ዓይን እስከሚደርስበት ተዘረጋ። ማንም አልጮኸም፤ መኪኖቹ መጮህ አያውቁም።

ከባሮክ እስከ ሆስፒታሉ በር ያለው ባዶ አስፋልት ነበር።

እሱም መሪውን ጎትቶ አወጣ።

ዘበኛው ጋዜጣውን ጥሎ በሩን ከፈተ። አልጋ መጣ። ሰዎች እትሶሊን ወስደው በአንድ በር ገቡ። ባሮክ ዞሮ ወደ ጎዳናው ሲያይ መኪኖቹ እንደ ቀድሞው በእኩል ርቀት ይፈስሳሉ። ነጯ መኪና የለችም።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ ወጥታ አነጋገረችው።

«የተዘጋው የደም ሥር ተከፍቷል» አለችው። «ቀኝ እጃቸው ይደክማል፤ ቃላትም ያስቸግራቸዋል፤ በልምምድ እየተሻሻለ ይሄዳል። በሰዓቱ ነው ያደረሷቸው። ትንሽ ቆይተው ቢሆን ሌላ ነገር ነበር የምንነጋገረው።»

«እኔ አይደለሁም ያደረስኳት» አለ ባሮክ።

ሐኪሟ በድካም የሚናገር መስሏት ትከሻውን ነካ አድርጋው ሄደች።

እትሶሊ ቤት ስትመለስ ነገሩን ሁሉ ነገራት። ምንም አታስታውስም ነበር። ቃላት በአፏ እየተሰባበሩ ቢያስቸግሯትም አንዱን ጥያቄ ሳታቋርጥ ትደግመው ጀመር። «ማናት?» ትላለች ምሳ ላይ። «ማናት?» ትላለች እጇን በጨርቅ ኳስ ስታለማምድ። ባሮክ ማዕከሉን ጠየቀ። የሌላ አሽከርካሪ መረጃ እንደማይሰጥ ተነገረው። በሆስፒታሉ በር ያለውን ዘበኛ ጠየቀ። ዘበኛው ሸሚዟ ነጭ መሆኑን ያስታውሳል፤ ይህን ባሮክም ያውቃል። ሥራ ሲሄድ በዚያ ቦታ ባለፈ ቁጥር ነጭ መኪና ሁሉ እሷ ትመስለዋለች። ጥቁር መስታወታቸውን እያየ በልቡ ሁሉንም ያመሰግናል።

አንድ ጠዋት መኪናዋ እንዲህ አለችው፦

«እንደምን አደሩ አቶ ባሮክ። መሐለኛውን መስመር በመያዝ፣ መስታወት በማጥራትና መሪ በመንካት ጥፋተኛ ሆነዋል። ቅዳሜ በቃሊቲ የደንብ ማስታወሻ ትምህርት ይከታተላሉ። ከትምህርቱ ፍጻሜ ጀምሮ ለአንድ ዓመት ደረጃ የለሽ ይሆናሉ። መልካም ትዕግሥት።»

እትሶሊ ይህን ስትሰማ መነጽሯን ፈለገች።

«እሄ… እሄዳለሁ» አለች።

«እትሶሊ፣ ጥፋተኛ ብቻ ነው የሚገባው።»

«የማነው ደም… የተዘጋው? የእኔ ነው። አብሬህ እቀጣለሁ።»

ይዟት ሄደ። አዳራሹ ውስጥ አላስገቧትም፤ ግቢው ውስጥ፣ መኪናው ጥላ ሥር ቆሞላት፣ መስኮቱን ከፍታ ተቀመጠች።

አዳራሹ ድሮ የአውቶቡስ መጠገኛ ነበር ይባላል፤ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው። ሰዎች በረጃጅም ወንበሮች ላይ እንደ ተማሪ ተደርድረዋል። መምህሩ ናሆም የሚባል፣ ጠጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነበር። ማንንም አልተቆጣም። መጀመሪያ ሁሉም ጥፋቱን እንዲናገር ጠየቀ። አንዱ የቀብር ሰልፍ አሳልፎ ነበር። ሌላው አህያ። አሜን የምትባል ወፈር ያለች ሴትዮ ተነስታ፣ በፈቃዷ ለአንድ መኪና እንደለቀቀች ተናገረች።

«ምክንያትዎስ?» አላት ናሆም።

«ደስ ብሎኝ ነበር» አለች።

«ምን ሆነው?»

«ምንም። ዝናብ ዘንቦ አባርቶ ነበር። ደስ አለኝ፤ ለቀቅሁ።»

ሰዉ ሳቀ። ናሆምም ፈገግ እንዳይል ወደ ግድግዳው ዞረ። እዚያ ፊልም ነበር፤ ጎዳናው ከላይ ተነስቷል። ባሮክ መጀመሪያ የአስፋልቱን ቀለም፣ ቀጥሎ የሆስፒታሉን በር፣ ከዚያ መሐል ላይ አፍንጫ ለአፍንጫ የቆሙትን ሁለት መኪኖች ለየ። ሰማያዊዋ የእሱ ናት።

«ሰማያዊዋ ደረጃ ስምንት፣ ነጯ ደረጃ ሁለት» አለ ናሆም። «በዚህ ጊዜ ማን ነው የሚቆየው?»

«ነጯ!» አለ ሰዉ በአንድ ድምፅ።

«ትክክል። አሁን ተመልከቱ።»

ነጯ መኪና እየተንገዳገደች ወደ ኋላ ሄዳ ጎዳናውን ዘጋች። ከላይ ሲያዩት ትንሽ ነገር ነው፤ አንድ ነጭ ብሎኬት ይዞራል፣ ሌሎቹ ይቆማሉ፣ ሰማያዊው ያልፋል።

«ነጯ ምን አጠፋች?»

ከኋላ ወንበር አንዲት ወጣት ተነሳች።

«ለቀቅሁ» አለች። «መሪ ነካሁ። መንገድ ዘጋሁ። እኔ ነኝ።»

ባሮክ ዞረ። ሸሚዟ ነጭ አልነበረም፤ ግራጫ ሹራብ ለብሳለች። ፊቷ ግን ያ ፊት ነው። ለብዙ ሳምንታት የሚላትን ነገር ሲያዘጋጅ ነበር፤ በመኪናው ውስጥ ጮክ ብሎ የተለማመደው ንግግር ሁሉ ነበረው። ተነስቶ ቆመና አንዱም አልመጣለትም።

«ሰማያዊዋ የእኔ ናት» አለ። «እህቴ ተርፋለች።»

ወንበሮቹ ላይ ያሉት ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ባሮክ። ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ጎንበስ ብሎ ሲቆይ ልጅቷ ጨነቃት።

«ኧረ ይነሱ፤ እባክዎ!» አለች።

ናሆም ፊልሙን አቆመ። ወደ ልጅቷ ሄደና፣ በመቆጣት ሳይሆን የምር ለማወቅ እንደሚፈልግ ሰው ጠየቃት።

«አንድ ሰው በፈቃዱ ሲለቅ፣ ከኋላው ያሉት ሳይፈቅዱ ይለቃሉ። ደንቡ የወጣው ለዚህ ነው። ከኋላሽ ከቆሙት መኪኖች በአንዱ ሌላ ታማሚ ኖሮ ቢሆንስ?»

ልጅቷ አሰበች።

«ሊኖር ይችላል» አለች። «እሱን አላየሁም። ያየሁት እነሱን ነው።»

ናሆም ወደ ግድግዳው ተመለሰ። ከዚያ «ተቀመጪ» አለ ቀስ ብሎ፤ ትምህርቱም ስለ መቀላቀያ ደንብ ቀጠለ። ባሮክ ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማም።

ትምህርቱ ሲያልቅ ግቢው ውስጥ አገኛት። ስሟ ይርገዱ ነው። የእንስሳት ሐኪም ናት። ያን ቀን ወዴት ትሄድ እንደነበር ሲጠይቃት መጀመሪያ መናገር አልፈለገችም።

«አዋሽ ፓርክ ሐኪም ይፈለግ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ቃለ መጠይቁ ያን ቀን፣ ከሆስፒታሉ ማዶ ባለ ቢሮ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ከዚህ ከተማ ወጥቼ ከዱር አራዊት ጋር መሥራት ነው ምኞቴ። ለዚያ ቀን ደረጃ ሁለት እንዲሰጡኝ ዓመቱን ሙሉ አንዲት ስህተት ሳልሠራ ነው የተጓዝኩት።»

«ከዚያስ?»

«በሚቀጥለው መታጠፊያ ዞሬ ስደርስ በሩ ተዘግቷል። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ።»

«አላወቅሁም ነበር» አለ።

«በምን ያውቃሉ? እውነቱን ልንገርዎ፤ ለሁለት ሳምንት ስረግምዎት ነበር። ስምዎን ስለማላውቅ ‹ያ ሰማያዊ መኪና› እያልኩ።»

«አሁንስ?»

«ስምዎን አወቅሁ» አለች ይርገዱ። «ሰው ስሙን ካወቁት መርገም ይከብዳል። ደግሞ ሲቆጨኝ የኖረው አንድ ነገር ነበር። መትረፋቸውን አላውቅም ነበር። በከንቱ ሆኖ ከሆነስ እያልኩ… አሁን ግን ቀለለኝ።»

«ነይ» አለ ባሮክ። «መኪናው ውስጥ ናት።»

እትሶሊ ገና ከሩቅ ስታያቸው ገብቷታል። ደህና እጇን በመስኮቱ አወጣች። ይርገዱ እጇን ሰጠቻት፤ አሮጊቷ ያዘችውና አልለቀቀችም።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ስምሽ?»

«ይርገዱ።»

«የአያቴ ስም» አለች እትሶሊ በመገረም። ከዚያ ለማለት የፈለገችው ነገር እንዳለ ታወቀ። «መንገድሽን» አለች። «መንገድሽን…» ቃሉ አልመጣም። ግንባሯ ተኮሳተረ፤ የሰነፍ ተማሪ መልስ እንደምትጠብቅ መምህርት በራሷ ተናደደች። ባሮክ ቃሉን ያውቀዋል። አፉን ሲከፍት በዓይኗ ከለከለችው። ይርገዱም ታውቀው ነበር፤ እሷም ጠበቀች። የግቢው ዛፍ ላይ ወፍ ይጮህ ነበር።

«…ጨርቅ ያድርግልሽ» አለች እትሶሊ።

ይርገዱ «አሜን» አለች፤ ዓይኗንም በሹራቧ እጅጌ ጠረገች።

ከዚያ ሁሉም ለመውጣት ወደየመኪናው ገባ። ግቢው አንድ በር ብቻ ነው ያለው። መኪኖቹ በቀኝና በግራ ተደርድረው ወደ በሩ ሲጠጉ ሁሉም በአንድ ላይ ቆሙ።

«ደረጃ የለሽ ነዎት» አለች የባሮክ መኪና። «በዙሪያዎ እኩል ተሽከርካሪዎች አሉ። ይጠብቁ።»

በየመኪናው ውስጥ ያው ድምፅ ያንኑ ይል ነበር። ሰዎቹ መስኮታቸውን አውርደው ተያዩ። ናሆም ቦርሳውን ይዞ ከአዳራሹ ሲወጣ አሜን ጠራችው።

«መምህር፣ ደንቡ ስለዚህ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም» አለ ናሆም። «እኩዮች ሲገናኙ ማዕከሉ ዕጣ ያወጣል። አንዳንድ ቅዳሜ እስኪመሽ ይቆያሉ። እኔ ቀድሜ ስለምወጣ…» አለና ቀና አለ። እትሶሊ መስኮቱ ላይ ተደግፋ ታየዋለች። «ልጅ ሳለሁ» አለ ናሆም፣ «አባቴ ሲነዳ፣ ሰዎች በዓይን ተያይተው፣ በእጅ ተጠራርተው ነበር የሚያልፉት።»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን?» አለች አሜን፣ መሪዋን እየጎተተች። «እናንተ ቅደሙ!»

«ኧረ አንቺ ቅደሚ!» አለ ከማዶ አህያ ያሳለፈው ሰው።

«አልቀድምም!»

«በሞቴ!»

«እርስዎ እያሉ እኔ? አይሆንም፤ ነውር ነው!»

ለጥቂት ጊዜ ማንም አልወጣም፤ ሁሉም ሌላውን ይገፋ ነበር። አንዱ ከመኪናው ወርዶ የሌላውን በር ይዞ ለመነ። ወጣቶቹ እንዲህ ያለ ነገር አይተው ስለማያውቁ ግራ ገብቷቸው ሳቁ፤ ቀጥለው እነሱም «እርስዎ ይቅደሙ» ማለት ጀመሩ። ናሆም ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀምጦ በሩ አጠገብ ቆመ። እጁን ዘረጋ። አንድ ከቀኝ፣ አንድ ከግራ። መኪኖቹ እየተንገዳገዱ፣ እየቆሙ፣ እየተነሱ፣ እንደ ዚፐር ጥርስ እየተጠላለፉ ወጡ። እያንዳንዱ ሲያልፍ እጁን አውጥቶ ያመሰግናል።

የባሮክና የይርገዱ መኪኖች በሩ ላይ ጎን ለጎን ደረሱ። ይርገዱ በእጇ «እለፉ» አለች።

«ባሮክ» አለች እትሶሊ። «እንዳትነቃነቅ።»

ይርገዱ ደግማ ምልክት ሰጠች። እትሶሊ ራሷን ነቀነቀች። ባሮክ መሪውን አጥብቆ ይዞ፣ ሌላውን እጁን በመስኮቱ አወጣና፣ መዳፉን ከፍቶ፣ ከፊቱ ያለውን መንገድ ሁሉ ወደ እሷ ገፋው። በዕድሜው ለሰው መንገድ ሲለቅ የመጀመሪያው ነበር። ያን ያህል ደስ እንደሚል ማንም አልነገረውም።

ይርገዱ ሳቀች፤ ራሷን ዝቅ አድርጋ አለፈች። መኪናዋ ወደ ጎዳናው ስትወጣ መስታወቷ አልጠቆረም፤ እጇ እስከ መታጠፊያው ድረስ ይታይ ነበር።

«አቶ ባሮክ» አለች መኪናዋ። «በፈቃድዎ ለቀዋል። ለእኩል ደረጃ የተደነገገ ነገር ስለሌለ ጥፋት አይደለም። ይመዝገብ?»

ባሮክ ሊመልስ ሲል እትሶሊ ቀደመችው። ቃሉ አልጠፋባትም፣ አልተሰባበረባትም።

«ይመዝገብ» አለች።